እንጦጦን በእግር በኅብረት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። ዳገትም እንዲሁ ነው። ብቻውን የሚወጣ ሰው ዳገቱ ይረዝምበታል። ከሰው ጋር የሚወጣ ግን ጨዋታው መንገዱን ያሳጥርለታል።

በዚህ ሳምንት የምንነግራችሁ ስለ እግር ጉዞ ማኅበር ነው። የእግር ጉዞ ማኅበር ምንድን ነው? ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰባስበው፣ በዕረፍት ቀናቸው ከከተማ ወጥተው፣ ወደ ጫካና ወደ ገጠር አብረው የሚሄዱበት ማኅበር ነው። መሪዎቹ ደመወዝ የላቸውም። ሁሉም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከጉዞው በኋላ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ፤ ይጨዋወታሉ። ይኸው ነው።

እኛ በጉለሌ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ማታ ማታ ማንበብና መጻፍ የምናስተምር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከምናስተምራቸው ሰዎች ጋር ሆነን እንዲህ ባለ አንድ የሠፈር ማኅበር ገብተናል። ያየነውንና የተማርነውን እናካፍላችሁ።

እግር ለሥራ፣ እግር ለዕረፍት

ነገሩን መጀመሪያ በክፍል ውስጥ ያነሣነው በንባብ ሰዓት ነበር። «እሑድ እሑድ እንጦጦን በእግር የሚወጡ ሰዎች አሉ። እኛም አብረን ብንሄድስ?» አልን። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

አንዲት እናት፣ ለብዙ ዓመታት ከእንጦጦ እንጨት ሲያወርዱ የኖሩ፣ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እኔ እንጦጦን በጀርባዬ ነው የማውቀው። ደግሞ በሰንበት ባዶ እጄን ልውጣው? ሰው ምን ይለኛል?»

አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ግን በሌላ በኩል መጡ። «እኔስ እግሬ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚውለው። ጉልበቴ ደርቋል። እሄዳለሁ» አሉ።

ሌላው፣ የቀን ሠራተኛ ወጣት፣ «ስንት ይከፈላል?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት ደግሞ ቀስ ብለው፣ «የተማሩ ሰዎች ናቸው አይደል? ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሲመጣ አይስቁበትም?» አሉ።

እነዚህ አራት ጥያቄዎች ቀላል አይደሉም። በተለይ የመጀመሪያው። ለብዙ ሰው በእግር መሄድ ዕረፍት አይደለም፤ ሥራ ነው። የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚ ሴቶች አስቡ። ገና ሳይነጋ ይወጣሉ። ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅመው ያስራሉ። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ጎንበስ ብለው በዚያ ቁልቁለት ያወርዱታል። ገበያ ላይ የሚያገኙት ገንዘብ ጥቂት ነው። ወገባቸው ይታመማል። አንዳንዶቹ በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን ትተው ወደ ሽመና ገብተዋል። ሁሉም ግን ይህን ዕድል አላገኙም።

ታዲያ እንዲህ ለደከመ እግር «ና፣ በእግር እንሂድ» ማለት ተገቢ ነው? በክፍላችን ለሁለት ምሽት ተከራከርንበት። በመጨረሻ ሸማኔው አንድ ነገር ተናገሩ። «ሸክም የሚያደክመው እግርን ብቻ አይደለም። ቀና ብሎ ማየትንም ይከለክላል። እስቲ አንድ ቀን ቀና ብለን እንየው» አሉ። አምስት ሰዎች እጃቸውን አወጡ። እናትየው ከአምስቱ አንዷ ነበሩ።

አብሮ መጓዝ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም

አንዳንድ ሰው «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ይላል። እስቲ እናስብበት። ወላጆቻችን ወደ ግሸን ማርያም፣ ወደ ቁልቢ ገብርኤል በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ስንቃቸውን በአቁማዳ ይዘው፣ ደካማውን እየጠበቁ፣ ውሃውን እየተካፈሉ ይጓዙ ነበር። ገበሬው ደቦ ሲወጣ አብሮ ሄዶ፣ አብሮ ሠርቶ፣ አብሮ በልቶ ይመለሳል። ዕድርና ዕቁብ፣ ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር ሁሉ ሰው በፈቃዱ የሚያቆማቸው ናቸው። የጉዞ ማኅበርም ከእነዚህ ጋር ዘመድ ነው።

በቅርብ ዘመንም ምሳሌ አለን። በ2006 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች «ጉዞ ዓድዋ» ብለው ተነሡ። ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ በእግር ለመሄድ ነበር። መንገዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1888 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ለመዋጋት የዘመቱ አባቶችና እናቶች የተጓዙትን መንገድ በእግራቸው ለማወቅ ፈለጉ። ዓድዋ መድረስ ያሰቡት ለየካቲት 23 ቀን፣ ለድሉ በዓል ነው። በሚቀጥሉትም ዓመታት ሌሎች ሰዎች እየተጨመሩ ሄዱ። በየመንደሩ ሕዝቡ ውሃና እንጀራ ይዞ ይቀበላቸው ነበር።

ከዚህ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቁሟል። ወፍንና እንስሳን፣ ጫካንና ውሃን ለማወቅና ለመጠበቅ የቆመ ማኅበር ነው። «ዋልያ» የሚባል መጽሔት አለው። አባላቱ ወፍ ለማየት በቡድን ይወጣሉ።

በከተማችንም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለ ቀን ተጀመረ። በዚያ ቀን የተመረጡ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ተለቀቁ። ሕፃናት አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ ታዩ። በእግር መሄድ የድሃ ምልክት ብቻ ነው የሚለው አሳብ ከዚያ ወዲህ በብዙ ሰው ዘንድ እየተለወጠ መጥቷል።

ማኅበሩ እንዴት ይሠራል?

የገባንበት ማኅበር ጽሕፈት ቤት የለውም። ያለው አንድ ደብተር፣ አንድ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥንና አንድ ፉጨት ነው። ሥራው እንዲህ ተከፋፍሏል፦

መሪ፦ ከፊት ይሄዳል። መንገዱን ከጉዞው በፊት ሄዶ አይቶታል። የት ጭቃ እንዳለ፣ የት ውሃ እንደሚገኝ ያውቃል።

ኋላ ጠባቂ፦ ከሁሉ በኋላ ይሄዳል። ከእሱ ኋላ ማንም አይቀርም። የደከመ ሰው ካለ ፉጨቱን ይነፋል፤ መሪው ያቆማል።

መዝጋቢ፦ ሲነሡ የሰዉን ስም ይጽፋል። ሲመለሱ ይቆጥራል። ሃያ ሦስት ሰው ወጥቶ ሃያ ሁለት ሰው አይመለስም።

ገንዘብ ያዥ፦ ለቡናና ለስኳር የሚዋጣውን ይይዛል። የሌለው ሰው አይገደድም። ቆሎ ያመጣ ቆሎ፣ እንጨት ያመጣ እንጨት፣ ጀበና ያመጣ ጀበና ያቀርባል። «ስንት ይከፈላል?» ላለው ወጣት መልሱ ይህ ነው።

ሥራው በየወሩ ይለወጣል። አንድ ሰው ሁልጊዜ መሪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተመሪ አይሆንም። ይህ ደንብ የማኅበሩ ምሰሶ ነው። ምክንያቱም ሰው ሥራ ሲሰጠው ማኅበሩ የእሱ ይሆናል። ሥራ ያልተሰጠው እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ እንግዳ ደግሞ ይሄዳል።

ዋናው ደንብ ግን «በዝግተኛው እግር እንሂድ» የሚለው ነው። የማኅበሩ ፍጥነት የሚለካው በጎበዙ አይደለም፤ በደካማው ነው። ጎበዝ ሰው መሮጥ ከፈለገ በሌላ ቀን ብቻውን ይሩጥ።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ እንገናኛለን። መዝጋቢው ይጽፋል። መሪው መንገዱን ያስረዳል። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል።

የአዲስ አበባ መሃል ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ወደ ላይ ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፤ ብርዱም ይጨምራል። ስለዚህ ከታች የለመድነው እርምጃ እዚያ ያስተነፍሳል። ጥፋቱ የእኛ አይደለም፤ አየሩ ሳስቶ ነው። ታላላቅ ሯጮቻችን እንጦጦን ለልምምድ የሚመርጡት ለዚህ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ይሠራል። ቀይ የደም ሕዋስ አየርን ወደ ጡንቻ ያደርሳል።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ዛፍ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የእኛ አገር ዛፍ አልነበረም። ከአውስትራልያ የመጣ ነው። «ባሕር ዛፍ» የተባለውም ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። ወደ አዲስ አበባ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ በከተማው ዙሪያ የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ስላለቀ ከተማው ማገዶ አጥሮት ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም እንደገና ያቆጠቁጣል። ከተማውን ከማገዶ ችግር አዳነ። ነገር ግን ውሃ በብዛት ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ስለዚህ አሁን በእንጦጦ በአንዳንድ ቦታ የአገር ዛፍ እንደገና እየተተከለ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ።

ላይ ስንደርስ እንጦጦ ማርያምን እናገኛለን። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እዚህ ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.። በአጠገቡ የአፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት አለ። ንጉሡ መጀመሪያ የተቀመጡት በዚህ ተራራ ላይ ነበር። ተራራው ለጠላት አስቸጋሪ ስለሆነ ለመጠበቅ ይመቻል። ነገር ግን ብርዱ ያስቸግራል፤ ማገዶም አለቀ። ከታች ደግሞ የፍልውሃው ሙቀት ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ታች ወረደ። እቴጌ ጣይቱ ስሙን «አዲስ አበባ» አሉት።

ከማርያም ትንሽ ርቆ ራጉኤል አለ። ራቅ ብሎ ደግሞ ከዋክብት የሚታዩበት ጣቢያ አለ። ጣቢያው የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ትልልቅ የሩቅ ማያ መነጽሮች አሉት። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ መስከረም 30 ቀን የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። በስተምዕራብ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ፤ ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። የከተማው መስተዳድርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው።

ጉልሃው ላይ ቆመን መሪው አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «አሁን ዝናብ ቢዘንብ ውሃው ወዴት ይሄዳል?» አሉ። ሁላችንም «ወደ ታች ነዋ!» አልን። «ወደ የትኛው ታች?» አሉ።

መልሱ ይኸው። እንጦጦ የውሃ ድንበር ነው። ወደ ደቡብ የሚወርደው ዝናብ እንደ ቀበና ባሉ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ወደ ባሕር አይደርስም። በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ወደ ሰሜን፣ በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ዝናብ ግን ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይገባል። ከዚያ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አንዱ አፋር በረሃ፣ አንዱ ግብፅ ይሄዳል ማለት ነው።

እናትየው ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ሁለቱንም ወገን ተራ በተራ አዩ። «በዚህ በኩል ስንት ዓመት ወረድኩ! በዚያኛው በኩል ምን እንዳለ ግን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም» አሉ።

መንገድ ላይ የተነሣ ክርክር

ስንመለስ፣ ጠባብ ቁልቁለት ላይ፣ ሦስት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ከኋላችን መጡ። ሸክሙ መንገዱን ሞልቶታል። ከእኛ አንዳንዶቹ ወደ ዳር አልን። አንዳንዶቹ ግን በጨዋታ ተይዘው መንገዱን ይዘው ቆሙ። አንድ ወጣት ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሣ ፈለገ።

እናትየው ቆጣ አሉ። «አንተ ልጅ! እስቲ መጀመሪያ መንገድ ልቀቅ። ሸክም ያለው ሰው ቆሞ አይጠብቅም፤ አንዴ ከቆመ መልሶ አይነሣም። ደግሞስ ፈቅደውልሃል?» አሉት። ወጣቱ አፍሮ ስልኩን ከተተ። ሴቶቹም አለፉ። አንደኛዋ ዞር ብለው እናትየውን በስማቸው ጠሩና፣ «ምነው ዛሬ ባዶሽን?» አሏቸው። እናትየውም፣ «ዛሬ እንግዳ ሆኜ ነው የመጣሁት» ብለው መለሱ።

ቡናው ሲፈላ ክርክሩ ተነሣ። አንዱ፣ «ፎቶው ለእነሱ ነው የሚጠቅመው። ችግራቸውን ሰው ያያል» አለ። ሌላው፣ «ችግራቸው ለእኛ መዝናኛ መሆን የለበትም» አለ። አንዷ፣ «ከነጭራሹ በዚህ መንገድ ባንሄድስ?» አሉ። እናትየው ግን ይህንን አልተቀበሉም። «መንገዱ የሁላችን ነው። እናንተ መምጣታችሁ አይከፋም። ስንቀር ብቻ ነው ጫካው የሌባ የሚሆነው። ሰው ሲበዛ እኛም ሳንፈራ እንሄዳለን። ግን መንገድ ልቀቁ፤ ሰላምታ ስጡ፤ ሳትጠይቁ አታንሡ» አሉ።

ማኅበሩ የሚከተሉትን ደንቦች በዚያው ቀን በደብተር ላይ ጻፈ፦

1. ሸክም ላለው ሰውና ለአህያ መንገድ እንለቃለን።
2. ላገኘነው ሰው ሁሉ ሰላምታ እንሰጣለን።
3. ሰውን ሳናስፈቅድ ፎቶ አናነሣም።
4. የገበሬ ማሳ አንረግጥም። በደጁ ስናልፍ እናስፈቅዳለን።
5. ጫካ ውስጥ እሳት አናነድም። ቡና የምናፈላው ተመልሰን ሠፈር ስንደርስ ነው።
6. ቆሻሻ አንጥልም። ይዘን የወጣነውን ይዘን እንመለሳለን።

አምስተኛው ደንብ ለምን አስፈለገ? የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው። ደረቅ ቅጠል ላይ የወደቀ ፍም በነፋስ ቶሎ ይዛመታል። በበጋ አንድ ሲጋራ ብዙ ጫካ ሊያጠፋ ይችላል።

የመዝጋቢው ደብተር

«ፊደል ባልቆጠረ ሰው አይስቁም ወይ?» ላሉት ሴትም መልስ አለን። በመጀመሪያው እሑድ ስማቸውን መዝጋቢው ጻፈላቸው። በሁለተኛው እሑድ እሳቸው ራሳቸው ጻፉ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊደሉም ከመስመር ወጣ። ማንም አልሳቀም። በሦስተኛው ወር የመዝጋቢነቱ ተራ ለእሳቸው ደረሰ። «አልችልም» አሉ። «በዝግተኛው እግር እንሄድ የለ? በዝግተኛው እጅም እንጽፋለን» አልናቸው። ያን ቀን ለመነሣት ሃያ ደቂቃ ዘገየን። ሃያ ሁለት ስም ግን ተጽፏል። ሲመለሱም ሃያ ሁለቱንም እየጠሩ ቆጠሩ።

መንገድም ራሱ መጽሐፍ አለው። የሠፈር ስም በታፔላ ላይ ተጽፏል። «እሳት ማንደድ ክልክል ነው»፣ «ወደ ሙዚየም»፣ «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚሉ ጽሑፎች አሉ። የተከላ ቦታ ላይ የዛፉ ስም ይጻፋል። ማንበብ የጀመረ ሰው እነዚህን አንድ በአንድ እያነበበ ሲሄድ በክፍል የተማረው ፊደል ሥራ ላይ ይውላል። እኛም ከጉዞው በኋላ ማታ በክፍል ሦስት ሦስት ዐረፍተ ነገር እንጽፋለን። ያየነውን ወፍ፣ የሄድንበትን ቦታ፣ የሰማነውን ነገር። ጽሑፍ የሚጠፋባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ያን ቀን የሚጽፉት አያጡም።

በሌላ አገርስ?

በእግር የመሄድ መብት በሁሉም አገር በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ማንችስተር የሚባል የፋብሪካ ከተማ አለ። በዚያ የሚሠሩ ሰዎች ስድስት ቀን ጭስ ውስጥ ይውሉ ነበር። በሰባተኛው ቀን ወደ ተራራ መውጣት ይፈልጋሉ። ኪንደር ስካውት የተባለው ከፍተኛ ቦታ ግን የባለ ርስት ሀብታሞች የወፍ አደን ቦታ ነበርና ተከልክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በመቶ የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች ሆን ብለው ወጡት። ከዘበኞች ጋር ግጭት ሆነ። አምስት ሰዎች ታሠሩ። ሕዝቡ ግን በፍርዱ ተቆጣ። በ1935 የእግር ተጓዦች ማኅበራት በአንድ አገር አቀፍ ማኅበር ተባበሩ። በ1949 ለሕዝብ መናፈሻዎችና ለእግር መንገዶች ሕግ ወጣ። በዚያ አገር ዛሬም በየሠፈሩ የጉዞ ቡድኖች አሉ። መሪዎቻቸው እንደ እኛዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ይህን ታሪክ በክፍል ስናነብ ሸማኔው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእነሱን ተራራ ሀብታም ከለከላቸው። የእኛን ተራራ ማን ከለከለን? ድካም ነው» አሉ። ሌላው ሠራተኛ፣ «የቀን ሠራተኛ እሑድንም ይሠራል። ዕረፍት የሌለው ሰው እንዴት ብሎ ተራራ ይወጣል?» አለ። እውነቱን ነው። የጉዞ ማኅበር ለሁሉ ሰው ክፍት ነው ቢባልም ጊዜ የሌለው ሰው አይመጣም። ስለዚህ ማኅበራችን በወር አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አጭር ጉዞ ጨምሯል። ሙሉ ቀን ማረፍ የማይችሉ ሰዎች በዚያ ይመጣሉ።

ለጤና ምን ይጠቅማል?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ከዚህ ይቆጠራል። በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢሄዱ 150 ደቂቃ ይሞላል። እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታንና የልብ በሽታን ለመከላከል ይረዳል። እንቅልፍም ይሰጣል። ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው፣ ለሸማኔ፣ ለልብስ ሰፊ፣ ለጸሐፊ፣ በጣም ይጠቅማል። ቀኑን ሙሉ ሸክም የሚሸከም ሰው ግን እንቅስቃሴ አላነሰውም። እሱ የሚያስፈልገው ዕረፍትና የሰው ጨዋታ ነው።

ፍጥነታችሁ ልክ መሆኑን በቀላሉ ታውቃላችሁ። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ደህና ነው። ማውራት ካቃታችሁ ቀስ በሉ። ደረት የሚወጋው፣ ራስ የሚያዞረው ሰው ወዲያው ይቀመጥ፤ ለመሪው ይንገር። የልብ ሕመም ያለበት ወይም እርጉዝ የሆነች ሴት አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

ስትወጡ የሚከተሉትን ያዙ፦ የማይንሸራተት ጫማ፣ ውሃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ጋቢ ወይም ሹራብ፣ ባርኔጣ። ጠዋት ፀሐይ ብትሆንም ላይ ነፋስ አለ። በክረምት ጭቃ ያንሸራትታል፤ መብረቅም አለ። ሰማዩ ሲጠቁር ከረጅም ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ወደ ታች ውረዱ። ሳይመሽ ተመለሱ፤ በእንጦጦ ማታ ማታ ጅብ ይወጣል። ብቻችሁን ጭር ባለ መንገድ አትሂዱ።

እናንተስ?

በሠፈራችሁ እንዲህ ያለ ማኅበር ካለ ሄዳችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ቀን ለማየት ብቻ ሂዱ። ካልተስማማችሁ መተው ትችላላችሁ። ከሌለ ደግሞ ራሳችሁ ጀምሩ። አምስት ሰው ይበቃል። ቀን ቁረጡ። አጭር መንገድ ምረጡ። መሪ፣ ኋላ ጠባቂና መዝጋቢ ሰይሙ። ደብተር ግዙ። ቡናውን አትርሱ። ብዙ ሰው የሚመጣው ለዳገቱ ሳይሆን ለቡናው ነው፤ ይህ ነውር አይደለም።

ተራራ የሌለበት ሠፈር ብትኖሩም የወንዝ ዳር፣ የእርሻ መንገድ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ አለ። ገጠር የምትኖሩ ደግሞ «እኛ ሁልጊዜ በእግር ነው የምንሄደው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ከራሳችሁ ቀበሌ ጉብታ ማዶ ያለውን ወንዝ ስሙን ታውቃላችሁ? ውሃው ወዴት እንደሚሄድስ?

በእኛ ማኅበር በዚህ ወር መሪዋ እናትየው ናቸው። ከአስፋልቱ ውጭ ያሉትን ቀጫጭን መንገዶች ሁሉ ያውቃሉ። የትኛው ዘንድሮ በጎርፍ እንደተቆረጠ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ ያውቃሉ። የሚመጣው እሑድ የሚወስዱን በሰሜኑ በኩል፣ ውሃው ወደ ዓባይ በሚወርድበት ነው። መነሻው ሽሮ ሜዳ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።

አንብባችሁ ተወያዩበት

1. እናትየው መጀመሪያ ለመሄድ ያልፈለጉት ለምን ነበር? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?
2. የማኅበሩ ሥራ በየወሩ የሚለወጠው ለምንድን ነው? በዕድራችሁ ወይም በዕቁባችሁ እንዲህ ይደረጋል?
3. በእንጦጦ የሚዘንበው ዝናብ ወደ የትኞቹ ሁለት ታላላቅ ወንዞች ይገባል?
4. ሥራ የሚበዛባቸው ሰዎች የዕረፍት ጊዜ እንዲያገኙ በሠፈራችሁ ምን ማድረግ ይቻላል?
5. በሠፈራችሁ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ምረጡ። በመንገዱ ላይ ያያችኋቸውን አምስት ነገሮች ጻፉ።